የተረሳ ፓስወርድ መመለስና ሀሽ ክራክ ማድረግ፦ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ጥገና ላይ ስለምሰራ በየጊዜው አንድ ሰው "ፋይሌ ተቆልፎብኛል" ብሎ ይመጣል፣ ጥያቄው ደሞ ሁሌ ያው ነው፣ ስለዚ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የማወራው ስለራሳችሁ ፋይል ነው፣ ወይ ደሞ ባለቤቱ ክፈትልኝ ብሎ ስለሰጣችሁ ፋይል።

የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም አካውንት ይከፍትልኛል?

አይከፍትም። ሀሽካትም ሆነ ጆን ዘ ሪፐር የሚባሉት ፓስወርድ የሚገምቱ ሶፍትዌሮች የሚሰሩት እጃችሁ ላይ ባለ ነገር ነው፣ ማለት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለ ዚፕ፣ ራር፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ ምናምን። የፌስቡኩ ያለው ፌስቡክ ሰርቨር ውስጥ ነው፣ እናንተ ጋ የለም፣ ሎጊን ገጹ ላይ እየደጋገማችሁ ብትሞክሩ ደሞ ይዘጋባችኋል። የጠፋ አካውንት የሚመለሰው እዛው "ፓስወርድ ረስቻለሁ" በሚለው በኩል ነው። "ትንሽ ብር ላኩልኝ የማንንም አካውንት እከፍታለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብሩን በልቶ ብሎክ ያደርጋችኋል፣ ሌላ ሙያ የለውም።

ሀሽ የሚባለው ግን ምንድነው?

ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ሆኖ ሲወጣ አስቡት። ዱቄቱን መልሶ ጤፍ የሚያደርግ ማሽን የለም። ሀሽም እንደዛ ነው፣ ፓስወርዱ በአንድ ቀመር ተፈጭቶ ወደኋላ የማይመለስ የቁጥርና የፊደል ድርድር ይሆናል። ስለዚ "ሀሹን ዲክሪፕት አርግልኝ" የሚባል ነገር የለም፣ ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ሌላ ጤፍ አምጥቶ በዛው ወፍጮ እየፈጨ ዱቄቱን ከዛኛው ጋ ማወዳደር ነው፣ አንድ ሆነው ከተገኙ ያ ቃል ፓስወርዱ ነው ማለት ነው። ግምት ነው በቃ፣ በጣም ፈጣን ግምት።

ሶልት የሚባል ነገርም አለ፣ ትርጉሙ ያው ጨው ነው። ከመፈጨቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር ይጨመርበታል፣ ሁለት ሰው አንድ አይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳን ሀሻቸው አይመሳሰልም፣ ስለዚ አንዱን ስትፈቱ ሌላው አብሮ አይፈታም፣ ቀድሞ ተሰልቶ የተቀመጠ ሬይንቦ ቴብልም አይሰራም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክዲን ወደ 6.5 ሚሊዮን ሀሽ ሲሾልክ ሻ ዋን በሚባል ቀመር ያለ ሶልት የተፈጨ ስለነበር ብዙው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው የተፈታው።

ሶፍትዌሩን ኢንስታል ከማድረጌ በፊት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፣ ዋናውን አትንኩት። ሁለተኛ ወረቀትና እስክሪብቶ። ስለ ፓስወርዱ ትዝ የሚላችሁን ሁሉ ጻፉ፣ በስንት አመተ ምህረት እንደቆለፋችሁት፣ ያኔ ምን ስልክ እንደነበራችሁ፣ ሌላ ቦታ ምን ፓስወርድ ትጠቀሙ እንደነበር፣ ካፒታል ሌተር ትወዱ እንደሆነ። ይሄን ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን እስካሁን ከተሳካልኝ ስራ አብዛኛውን የፈታው ወረቀቱ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም፣ ምንም ትዝ የማይለው ሰው ሲመጣ ግማሹን ተስፋ እዛው ነው የምቆርጠው።

ሶስተኛ ደሞ ብሮውዘራችሁ ሴቭ ያደረጋቸውን ፓስወርዶች እዩ። ከአንድ በላይ ሰው እዚ ላይ አግኝቶት ሳይከፍለኝ ሄዷል።

ኤክሴሉ ይከፈታል፣ ግን ኤዲት ላደርግ ስል ፓስወርድ ይጠይቀኛል?

ይሄ መቆለፍ አይደለም፣ ክራክ ማድረግም አያስፈልገውም። ሺት ፕሮቴክሽን ይባላል፣ ዳታው ውስጡ ክፍት ነው። የኤክሴል ፋይል በውስጡ ዚፕ ስለሆነ (የድሮው አይነት ካልሆነ) ኮፒውን ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱት፣ ወርክሺትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የሺቱን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ "ሺት ፕሮቴክሽን" ብሎ የሚጀምረውን ታግ ብቻ አጥፍታችሁ ሴቭ፣ አለቀ። ለዚ ነገር ሶስት ቀን ላፕቶፕ ሲያስጮህ የከረመ ልጅ አውቃለሁ።

ፒዲኤፍም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ፋይሉ እየተከፈተ ፕሪንት ወይም ኮፒ አላደርግም ካለ ያ የባለቤት ፓስወርድ የሚባለው ነው፣ ኪውፒዲኤፍ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በአንድ ኮማንድ ያነሳዋል። ጭራሽ አልከፈትም ካለ ነው ወደ ሀሽ የምንሄደው።

ሀሽካት ይሻላል ወይስ ጆን ዘ ሪፐር?

ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ሀሽካት፣ ተራ ላፕቶፕ ከሆነ ጆን። ጆን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው፣ ጃምቦ የሚባለውን እትም አውርዱ፣ እሱ ነው የፋይል አይነቶቹን የሚያውቀው። ሀሽካት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለቱም ኮማንድ ላይን ናቸው፣ ጥቁሩን ስክሪን የምትፈሩ ከሆነ ጆኒ የሚባል ለጆን የተሰራ መስኮት አለ። እኔ ግን ሁለቱንም አብሬ ነው የምጠቀመው፣ ምክንያቱን ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ፋይሉን ዝም ብዬ ሀሽካት ውስጥ ላስገባው?

አይሆንም፣ መጀመሪያ ከፋይሉ ውስጥ ሀሹን ማውጣት አለባችሁ። ይሄን የሚሰሩት ከጆን ጋ አብረው የሚመጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ለዚፕ ዚፕ ቱ ጆን፣ ለራር ራር ቱ ጆን፣ ለኤክሴልና ለወርድ ኦፊስ ቱ ጆን፣ ለፒዲኤፍ ፒዲኤፍ ቱ ጆን። የሚወጣው ረዥም መስመር ነው፣ እሱን ቴክስት ፋይል ላይ ታስቀምጣላችሁ።

ሁለት ወጥመድ አለ እዚ ጋ። አንደኛው፣ የሚወጣው መስመር መጀመሪያ ላይ የፋይሉ ስም ከሁለት ነጥብ ጋ ይኖራል፣ ጆን ምንም አይለውም፣ ሀሽካት ግን ቶክን ሌንግዝ ምናምን ብሎ ይጮሃል፣ ስለዚ ለሀሽካት ከዶላር ምልክቱ በፊት ያለውን አጥፉ። ሁለተኛው ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል በሚባለው የኮማንድ መስኮት ውስጥ በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ስትገለብጡ አሮጌው ፓወርሼል ፋይሉን ዩቲኤፍ 16 በሚባል ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት መንገድ) ነው የሚጽፈው፣ ሲታይ ምንም ችግር የለበትም፣ ሶፍትዌሩ ግን "ኖ ሀሽስ ሎድድ" ይላል፣ ኖትፓድ ላይ ከፍታችሁ ሴቭ አዝ ብላችሁ ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይሩት። እኔ ይሄን ሳላውቅ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ሀሽካት የሀሹን አይነት በቁጥር ነው የሚፈልገው። ለኦፊስ 2013ና ከዛ በኋላ ላለው 9600፣ ለኦፊስ 2010 ደሞ 9500፣ ለራር 5 ደሞ 13000፣ ኤኢኤስ በሚባለው አቆላለፍ ለተቆለፈ ዚፕ 13600። ቁጥሩን ከተሳሳታችሁ እስከ ምጽአት ቢሞክር አያገኘውም፣ አንዳንዴ ደሞ ስህተት ነው ብሎ እንኳን አይነግራችሁም፣ ለምሳሌ ኤምዲ 5ና የዊንዶውሱ ኤንቲኤልኤም የሚባሉት የሀሽ አይነቶች ሁለቱም 32 ፊደል ስለሆኑ በአይን አይለዩም።

ስንት ሰአት ይፈጃል?

ይሄ ጥያቄ ላይ ነው ሰው የሚዋሸው። በሁለት ነገር ይወሰናል፣ ስንት ግምት አለ እና ወፍጮው ምን ያህል ዘገምተኛ ነው።

ስምንት ፊደል፣ ሁሉም ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆን ወደ 209 ቢሊዮን ግምት አለ። አርቲኤክስ 4090 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ኤምዲ 5ን በሰከንድ ወደ 164 ቢሊዮን ይሞክራል፣ ማለት አንድ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ቢክሪፕት የሚባለው ሀሽ ከሆነ ግን፣ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሰራ ነው፣ ያው ካርድ በቀላሉ የመዘግየት ሴቲንግ (5) እንኳን በሰከንድ 184 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚ ያንኑ 209 ቢሊዮን ለመጨረስ ወደ 13 ቀን፣ ሴቲንጉ ወደ 12 ከፍ ካለ ደሞ ከአራት አመት በላይ። አንድ አይነት ፓስወርድ ነው ልብ በሉ፣ ወፍጮው ነው የተለያየው።

የእኛ ሰው በብዛት የሚይዘው ኦፊስ 2013ና ከዛ በላይ ነው፣ እሱ እያንዳንዷን ግምት 100,000 ጊዜ በሻ 512 ይፈጫታል። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ እዚ ላይ ኤሊ ነው። እንበልና በሰከንድ 100 ሞከረ፣ ፓስወርዱ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ቀሪው 8 ቁጥር ነው፣ 100 ሚሊዮን ግምት፣ ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 11 ቀን ተኩል። የቴሌ ይሁን የሳፋሪኮም ካላስታወሳችሁ በ07 የሚጀምረውንም ጨምሩ፣ እጥፍ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብታስታውሱ ግን ለአንዱ መነሻ ወደ 10,000 ሰከንድ ይወርዳል፣ ከሶስት ሰአት ባነሰ ያልቃል ማለት ነው። ለዛ ነው ወረቀት ወረቀት የምለው።

ሮክዩ የሚባለውን የፓስወርድ ሊስት ልጠቀም?

ሞክሩት፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። ሮክዩ በ2009 እ.ኤ.አ. ዳታው የተሰረቀበት ድርጅት ነው፣ 32 ሚሊዮን ሰው ፓስወርድ ምንም ሳይፈጭ እንዲሁ ተቀምጦ ነው የተገኘው፣ ድግግሞሹ ሲወጣ ወደ 14 ሚሊዮን ቃል ይሆናል። እና የፈረንጅ ሊስት ነው። የሀበሻ ፓስወርድ ሌላ አመል አለው።

ባለፈው የአንድ እድር ሒሳብ ያዥ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የስንት አመት መዋጮ የተመዘገበበት ኤክሴል ይዘው መጡ። አዲስ ሊቀመንበር ተመርጦ ርክክብ አለ፣ ፋይሉ አይከፈትም። "የልጄ ስም ነው ያለበት" ከማለት ውጪ ምንም አያውቁም፣ ልጆቹ ደሞ አምስት ናቸው። ኖትፓድ ከፈትኩላቸውና ጋሼ ዝም ብለው እጅዎ እንደመጣልዎት አስር ጊዜ ስምና አመተ ምህረት ይጻፉ አልኳቸው፣ ስክሪኑን ወደኔ አዞርኩት። ሶስት ነገር አየሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል ሁሌ ካፒታል ያደርጋሉ። አመተ ምህረቱ ሁሌ የኛ ነው፣ አንድም ጊዜ የፈረንጅ አልጻፉም። እና በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ነጥብ ያስቀምጣሉ፣ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰው፣ ይሄን እሳቸውም አላወቁትም።

አምስት ስም፣ እያንዳንዱ በሶስት አይነት ስፔሊንግ፣ በካፒታልና ያለ ካፒታል፣ የ60 አመት ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ ነጥብን ጨምሮ 12 አይነት ነገር፣ ሁሉም ሲባዛ 21,600 ነው። አራት ደቂቃ አይሞላም። ሻይ አዝዘን ሻዩ ሳይመጣ ተገኘ፣ የሶስተኛዋ ልጅ ስም፣ የተወለደችበት አመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከዛ ነጥብ። "ነጥቧን እኔ አይደለሁም ያደረኳት ልጄ" አሉኝ፣ እስካሁንም አላመኑም መሰለኝ።

ስለዚ የራሳችሁን ሊስት ስትሰሩ የስፔሊንጉን ነገር አስቡበት። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ስትጽፉ መጨረሻው በዋይ ነው በአይ? ቅዱስ በኬ ነው በኪው? የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ላይ ያለው ስፔሊንግና ፓስፖርት ላይ ያለው ይለያያል፣ ሁለቱንም ጨምሩ። አመቱን በኛም በፈረንጅም። የደብር ስም፣ የሰፈር ስም፣ የመጀመሪያ ስልካችሁ መጨረሻ አራት ቁጥር፣ የኳስ ክለብ። አርሰናል የሚለው ቃል ብቻውን ስንት ፋይል እንደከፈተልኝ ብነግራችሁ አታምኑም።

ፓስወርዱን በአማርኛ ፊደል ከሆነስ የጻፍኩት?

ይቻላል፣ ትንሽ ያደክማል እንጂ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሶስት ባይት ነው የሚይዘው፣ ሀሽካት ደሞ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ ስለዚ የማስክ ሙከራ (ቀጥሎ አለ) ለአማርኛ አይመችም፣ ቃላቱን ሊስት ላይ ጽፋችሁ ዩቲኤፍ 8 አድርጋችሁ ሴቭ ማድረግ ይሻላል። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ለሶፍትዌሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፣ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። እና አንድ የሚረሳ ነገር፣ የፓስወርድ ሳጥን ኮከብ ወይ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ያኔ አማርኛ ኪቦርዱ በርቶ ከነበረ እንግሊዝኛ የጻፋችሁ መስሏችሁ ሌላ ነገር ነው የገባው። ምንም ነገር ከመጀመራችሁ በፊት አማርኛውን አብርታችሁ ያንኑ ቁልፍ እየነካችሁ የምታውቁትን ፓስወርድ አንዴ ሞክሩት።

ማስክ የሚባለው መቼ ነው የሚጠቅመው?

ቅርጹን ስታውቁ ፊደሉን ሳታውቁ። ለምሳሌ "አራት ፊደል ከዛ አራት ቁጥር ነበር" ካላችሁ፣ በየቦታው የጥያቄ ምልክትና ኤል ለትንሽ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ዲ ለቁጥር፣ ከዩ ጋ ለካፒታል፣ ከኤስ ጋ ለምልክት ትሰጡታላችሁ። የምታውቁት ፊደል ካለ እዛው ቦታው ላይ እሱኑ ጻፉት። ስሙን አውቃችሁ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ከጠፋባችሁ ደሞ ሀይብሪድ አለ፣ ሀሽካት ላይ አታክ ሞድ 6 ነው፣ ሊስቱን ወስዶ መጨረሻው ላይ ማስኩን ይቀጥልበታል። ሁሉንም በ"የጥያቄ ምልክትና ኤ" ሞልታችሁ ስምንት ቦታ አስሂዱ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ያ እያንዳንዱ ቦታ ላይ 95 አይነት ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መሞከር ማለት ነው፣ ኦፊስ ፋይል ላይ እድሜያችሁ አይበቃም።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ሁለቱም ሶፍትዌሮች የደረሱበትን በየጊዜው ይመዘግባሉ፣ ስትጀምሩ ሴሽን ብላችሁ ስም ስጡት፣ መብራት ሲመጣ በዛ ስም ሪስቶር ማለት ነው። ስም ካልሰጣችሁት ዝም ብሎ አንድ የተለመደ ስም ይጠቀማል፣ እና እኔን የበላኝ እሱ ነው፣ ሁለት ቀን የሄደ ስራ መሀል ላይ ተቋርጦ ሌላ ትንሽ ፋይል ልሞክር ብዬ ስጀምር የድሮውን መዝገብ ጻፈበት፣ ከዜሮ ጀመርኩ።

ሙቀቱንም ተጠንቀቁ። ሀሽካት ካርዱ 90 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያቆማል፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ ማደር የለም፣ ከስሩ አየር ይግባበት።

"ኤክዛውስትድ" አለኝ፣ ተበላሸ?

አልተበላሸም፣ የሰጣችሁትን ሁሉ ሞክሮ ጨርሶ አላገኘም ማለት ነው። ሌላ ሊስት ስጡት። ከዚ የሚለየው ደሞ ትናንት ያገኘውን ሀሽ ዛሬ ድጋሚ ስትሰጡት ምንም ሳይሰራ ይወጣል፣ ፖትፋይል የሚባል መዝገቡ ውስጥ ስላለ ነው፣ ሾው የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ፓስወርዱን ያሳያችኋል።

አንቲቫይረሴ ቫይረስ ነው አለኝ?

ሀክ ቱል ብሎ ነው የሚይዘው፣ የተለመደ ነው። ግን ይሄ የሚታመነው ከራሱ ከሀሽካት ወይም ጆን ከሚወርድበት ከኦፕንዎል ድረገጽ ካወረዳችሁት ብቻ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ "ፕሪሚየም ፓስወርድ ክራከር ፉል ቨርዥን" ተብሎ የተለጠፈ ነገር ካወረዳችሁ አንቲቫይረሱ እውነቱን ነው፣ የናንተን ፓስወርድ ሊሰርቅ የመጣ ነው።

ኦንላይን የሚከፍቱ ሳይቶች አሉ፣ ልጫነው?

ውስጡ ያለው ነገር የሰው ደመወዝ፣ የደንበኛ መታወቂያ፣ የእድር ሒሳብ ከሆነ አትጫኑ። የኦፊስ ሀሽ ብቻውን የፋይሉን ይዘት አይዝም፣ የዚፕ ሀሽ ግን አንዳንዴ የተቆለፈውን ዳታ ራሱን ይዞ ይወጣል፣ እሱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ።

የዊንዶውስ ፓስወርድ ረሳሁ፣ በዚ ይሰራል?

ለምን ትደክማላችሁ። የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ከስልካችሁ ሪሴት አድርጉት። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከተቆለፈ 48 ቁጥር ያለው ሪከቨሪ ኪ አለ፣ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

የሰው ፋይል ብከፍት ያስከስሳል?

ያስከስሳል። አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ነው፣ ያለፈቃድ ኮምፒውተር ወይም ዳታ ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። መስሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ከሆናችሁና አለቃ "የቀድሞውን ሰራተኛ ፋይል ክፈት" ካላችሁ በጽሁፍ ይስጣችሁ፣ በቃል አትቀበሉ። እኔ ሱቅ ላይ ሰው የማን እንደሆነ በደንብ የማይነግረኝን ፋይል እመልሳለሁ፣ በተለይ "የሚስቴ ነው" የሚል ከመጣ።

መቼ ነው ልተወው የሚገባኝ?

ትዝ የሚላችሁ ነገር ሲያልቅ። ሊስቱን ሶስት አራት ጊዜ አስፍታችሁ ካልተገኘ ኤሌክትሪክ መጨረስ ነው። ፋይሉን ግን አትሰርዙት፣ ሀሹንና የሞከራችሁትን ሊስት አብራችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ አንድ ደንበኛ ከስምንት ወር በኋላ ሰርግ ቤት ተቀምጦ ትዝ ብሎት ደውሎልኝ ያውቃል፣ በሁለተኛው ግምት ተከፈተ።